በካውያ የተለጠፈ ጽሑፍና ሥዕል ከልብስ ላይ በቤት ውስጥ እንዴት ይነሣል?

ልብሱ ገና ጠንካራ ነው፤ ስፌቱ አልተተረተረም፣ አንገቱ አልላላም። ደረቱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን ግማሹ ረግፏል፣ የቀረውም እንደ ደረቀ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። አንዳንዴ ደግሞ ጽሑፉ ደኅና ሆኖ ጊዜው ያልፍበታል፤ ከለቀቅነው ዓመታት የተቆጠሩ መሥሪያ ቤት ስም፣ ያበቃ ውድድር፣ ልጁ አድጎ የጠላው ሥዕል። እንዲህ ያለው ልብስ በብዙ ቤት መጨረሻው መወልወያ ጨርቅ መሆን ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል በትዕግሥት ቢሠራበት ለዓመታት ሊለበስ የሚችል ልብስ ነውና።

ልብሱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ጋር የሚደረገው ትግል ነው። በጥፍር ይላጣል፣ በቢላ ይፋቃል፣ በብሩሽ ይፈተጋል፤ በመጨረሻ ሥዕሉ እንዳለ ሆኖ ጨርቁ ይሳሳል። ሥዕሉን የያዘው ከሥሩ ያለው ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ሲሞቅ እንደ ሰም ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ሲለጠፍ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ለ10 ወይም ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ነው በክሮቹ መካከል የገባው። እኛም የምናስወጣው በገባበት መንገድ ነው፤ ወይ አሙቀን እናለሰልሰዋለን፣ ወይ በፈሳሽ እናሟሟዋለን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሙጫው ነገር ነው።

መጀመሪያ የተለጠፈውን ለዩ

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን በጽሑፉ ላይ አሳልፉ። ጠርዙ እንደ ስስ ፕላስቲክ ለብቻው ከተሰማችሁ፣ ተቆርጦ የተለጠፈ ቪኒል ነው። በማልያ ላይ ያሉ ቁጥሮችና ስሞች አብዛኛዎቹ የዚህ ወገን ናቸው። እንኳን ደስ አላችሁ፤ ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው።

ፎቶግራፍ የሚመስል ሥዕል ሆኖ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ ቀለም አልባ ድንበር ካለው፣ በኮምፒውተር ማተሚያ በልዩ ወረቀት ላይ ታትሞ የተተኮሰ ነው። ይህ በጣም ስስ በመሆኑ ባንድ ቁራጭ አይነሣም፤ ይፈረፈራል። ሥራው ይቻላል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ወፈር ብሎ ጎማ ጎማ የሚል፣ ሲለጠጥ አብሮ የሚለጠጥ ከሆነ ደግሞ በወንፊት የታተመ ቀለም ሊሆን ይችላል። ይህ ከሥሩ ሙጫ የለውም፤ ቀለሙ ራሱ በሙቀት ደርቆ ክሩን ጨብጧል። ልብሱን ገልብጣችሁ ከውስጥ በኩል እዩት፤ የቀለሙ ጥላ ወደ ጀርባ ዘልቆ ከታየ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ብላችሁ ተነሡ። በጣት ሲዳሰስ እንኳ የማይታወቅ፣ ከጨርቁ ጋር አንድ የሆነ ሥዕል በፖሊስተር ላይ ካያችሁ ደግሞ አትድከሙ። ያ ቀለም በ200 ዲግሪ አካባቢ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ወደ ክሩ ውስጥ የገባ ስለሆነ የሚላቀቅ ነገር የለውም።

በክር የተጠለፈ፣ ከጀርባው ሙጫ ያለው ዓርማ በሙቀት በቀላሉ ይነሣል፤ ነገር ግን ከመሳባችሁ በፊት ጠርዙ ላይ ስፌት እንዳለ አረጋግጡ። ስፌት ካለ መጀመሪያ እሱን በትንሽ መቀስ ፍቱ።

ከዚያ ጨርቁን እወቁ

ከአንገቱ ወይም ከጎኑ ስፌት ውስጥ ያለውን መለያ አንብቡ። የካውያ ምስል ይኖረዋል፤ በውስጡ አንድ ነጥብ ካለ ጨርቁ እስከ 110፣ ሁለት ከሆነ እስከ 150፣ ሦስት ከሆነ እስከ 200 ዲግሪ ይችላል ማለት ነው። ካውያው በመስቀል ከተሠረዘ ካውያን እርሱትና ወደ ሌላው መንገድ እለፉ።

ጥጥና ተልባ ሙቀቱንም ፈሳሹንም ይችላሉ። ፖሊስተር የሚቀልጠው ወደ 250 ዲግሪ ሲጠጋ ቢሆንም፣ ከዚያ አስቀድሞ ያብለጨልጫል፣ የካውያውም ቅርጽ ይታተምበታል፤ ስለዚህ በመካከለኛ ሙቀትና በላዩ ጨርቅ ደርባችሁ ሥሩ። ናይለን ከዚያም ይበልጥ ስሱ ነው። ሲለጠጥ የሚመለስ ክር ያለበት ልብስ በሙቀት ብዛት የመለጠጥ ኃይሉን ያጣል። ሐርና ሱፍ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ ሞክሩ፤ ውድ ልብስ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። አሲቴት የሚባል ሐር መሰል ጨርቅ አለ፤ ኮትና ጃኬት ላይ ለገበርነት ይውላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ሲነካው ይሟሟል። ውጩ ንጹሕ ጥጥ ሆኖ ገበሩ አሲቴት የሆነ ልብስ ላይ አሴቶን ያፈሰሰ ሰው፣ ጽሑፉን ሲያነሣ ገበሩ ቀዳዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። መለያው ላይ የገበሩ ዓይነት ለብቻው ስለሚጻፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሳትሞክሩ አትጀምሩ

ከዓመታት በፊት አንድ ስስ የናይለን ጃኬት ላይ ሳልሞክር ካውያ አሳረፍኩ። ጽሑፉ ገና ሳይሞቅ ጨርቁ ከካውያው ሥር ተኮማተረ፤ ሳነሣው ደረቱ ላይ የሦስት ማዕዘን ጠባሳ ቀርቶበት ነበር። ጃኬቱ የወንድሜ ስጦታ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ያ ሁሉ የሆነው የሁለት ደቂቃ ሙከራ ስለዘለልኩ ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። ለሙቀት፦ ከታችኛው እጥፋት ከውስጥ በኩል ካውያውን ለ10 ሰከንድ አሳርፉና ሲቀዘቅዝ እዩት። ለፈሳሽ፦ በዚያው ቦታ ላይ በጥጥ አንድ ሁለት ጠብታ አኑሩ፣ ሳይደርቅ በነጭ ጨርቅ ጫን ብላችሁ አንሡ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ቦታውን እዩት። ነጩ ጨርቅ ላይ የልብሱ ቀለም ከታየ ያ ፈሳሽ ለዚያ ልብስ አይሆንም። ሙከራውን በሠራችሁበት ቦታ ጨርቁ ከጠነከረ፣ ካብረቀረቀ ወይም ከተጨማደደም እንዲሁ።

በሙቀት ማንሣት

ለቪኒልና ለዓርማ የማስቀድመው መንገድ ይህ ነው። የሚያስፈልጉት ካውያ፣ ሁለት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ወረንጦ እና የመጋገሪያ ወረቀት ናቸው። ልብሱ አስቀድሞ ታጥቦ ይድረቅ፤ ቆሻሻ ያለበት ልብስ ሲተኮስ ቆሻሻው ይበልጥ ይጣበቃል። የካውያውን ውኃ አፍስሱት፤ እንፋሎት በዚህ ሥራ ላይ ሙቀቱን ይበታትናል።

1. ልብሱን ገልብጡ። በፊትና በኋላው መካከል አንዱን ጨርቅ አስገቡ፤ ካልሆነ የቀለጠው ሙጫ ወደ ሌላኛው ወገን ይሻገርና አንዱን ችግር ሁለት ታደርጉታላችሁ። ከጽሑፉ ሥር የመጋገሪያውን ወረቀት አንጥፉ።

2. ካውያውን መለያው በሚፈቅደው ልክ አሙቁና በጽሑፉ ጀርባ ላይ፣ በጨርቅ ደርባችሁ፣ ሳታንቀሳቅሱ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ጫን አድርጉት። ከጀርባ የምናሞቀው ሙቀቱ መጀመሪያ ጨርቁንና ሙጫውን እንዲያገኝ ነው። ከፊት ከተሞቀ ፕላስቲኩ ቀድሞ ይቀልጥና ይዝረከረካል።

3. ፈጥናችሁ ገልብጡና አንዱን ማዕዘን በወረንጦ ያዙ። በሌላው እጅ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጠፍጥፋችሁ ያዙት። ጣታችሁን ተጠንቀቁ፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ በቀላሉ አይለቅም።

4. የተነሣውን ጫፍ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ በራሱ ላይ እያጠፋችሁ በዝግታ ሳቡት። ወደ ላይ ሲሳብ ጨርቁን አብሮ ይወጥራል፤ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ግን ኃይሉ ሙጫው ላይ ብቻ ያርፋል።

እዚህ ላይ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሙጫው በልኩ ሲሞቅ በፕላስቲኩና በጨርቁ መካከል እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ትንሽ የመላጥ ድምፅ ይሰማል። ይህን ካያችሁ መንገዳችሁ ትክክል ነው። ክሮቹ ጠፍተው መሳቡ ሲከብዳችሁ ሙጫው ቀዝቅዟል ማለት ስለሆነ አቁሙና እንደገና አሙቁ። ኃይል መጨመር መልስ አይሆንም። አብዛኛው ጨርቅ የሚቀደደው በዚህች ቅጽበት፣ “ትንሽ ነው የቀረው” ሲባል ነው። አንድ ትልቅ ቁጥር አምስትና ስድስት ጊዜ መሞቅ ሊፈልግ ይችላል፤ ትናንሽ ፊደሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሞቃሉ።

ፎቶግራፍ መሰሉ ስስ ሥዕል በወረንጦ አይያዝም። ለእሱ ጽሑፍ የሌለበት ቡናማ የማሸጊያ ወረቀት አዘጋጁ። ጋዜጣ አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ወደ ልብሱ ይሸጋገራል። ወረቀቱን በሥዕሉ ላይ አንጥፋችሁ ለ10 ሰከንድ ተኩሱና ትኩስ እንዳለ ቀስ ብላችሁ አንሡት። የለሰለሰው ሽፋን በጥቂቱ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። ሁልጊዜ ንጹሕ የወረቀት ክፍል እየተጠቀማችሁ ደጋግሙት፤ ወረቀቱ ምንም ይዞ መምጣት ሲያቆም ሙቀቱ የሚችለውን ያህል ሠርቷል።

ካውያ ለማይችል ልብስ የፀጉር ማድረቂያ ይሆናል። ከጽሑፉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ በትንሽ በትንሽ ቦታ ላይ እያሞቃችሁ ጫፉን በወረንጦ ሞክሩት። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይዘገያል፤ ለፖሊስተር ማልያ ግን ከካውያ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

የምትሠሩበትን ክፍል መስኮት ክፈቱ። የሚቀልጥ ፕላስቲክ ሽታ አለው፤ ጭስ ከታየ ደግሞ ሙቀቱ ከልክ አልፏልና ወዲያው አንሡት።

በፈሳሽ ማንሣት

ሙቀት ያልፈታውን ሙጫ ፈሳሽ ይፈታዋል። ሁለት ፈሳሾች በየቤቱ ይገኛሉ፤ ለቁስል ማጽጃ የሚውለው አልኮልና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን። አልኮል ለጨርቅ ይራራል፣ ሥራው ግን ዘገም ይላል። አሴቶን ፈጣንና ብርቱ ነው። እኔ ሁልጊዜ በአልኮል እጀምራለሁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ስትመርጡ ቀለምና ቅባት ያልተጨመረበት፣ ንጹሕ አሴቶን የሆነውን ውሰዱ፤ ባለቀለሙ ራሱ ሌላ እድፍ ይተዋል፣ “አሴቶን የሌለው” የሚለው ደግሞ ለዚህ ሥራ ይደክማል።

ስለ እሳት ሳልናገር አላልፍም። አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተንሳፍፎ ራቅ ወዳለ እሳት ሊደርስ ይችላል። አልኮልም ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ ካውያው ከሶኬት ተነቅሎ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ጠርሙሱን አትክፈቱ። ምድጃ፣ ሻማ፣ ሲጋራ በዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር፤ መስኮቱ ይከፈት፤ ልጆች ይራቁ። በፈሳሽ የረጠበ ልብስ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ካውያ አይነካውም። ስስ የእጅ ጓንት አሴቶንን ለረጅም ጊዜ አያግድም፣ ሲረጥብ ቀይሩት።

ፈሳሹን በብርጭቆ ወይም በሸክላ ሳሕን ላይ አፍስሱ፤ አሴቶን ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ያሟሟል፣ የጠረጴዛ ቀለምም ያስለቅቃል። ፕላስቲክ ቁልፎች ካሉ ከአካባቢው አርቋቸው። ልብሱን ገልብጡና ጽሑፉ ወደ ታች፣ ነጭ ፎጣ ላይ ይተኛ። አሁን በጥጥ አድርጋችሁ ከጀርባው አርጥቡት። እንደ ካውያው ሁሉ እዚህም ከጀርባ የምንመጣው፣ ፕላስቲኩ ፈሳሹን ስለማያሳልፍ ከፊት ብናፈስስ ሙጫው ጋ ስለማይደርስ ነው። በድርና ማጉ መካከል ሲገባ ግን በቀጥታ ሙጫውን ያገኘዋል።

ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ጨርቁን በጽሑፉ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ወደ ጎን ለጠጥ ለቀቅ አድርጉት። ጨርቁ ይለጠጣል፣ ፕላስቲኩ ግን እንደ እሱ አይለጠጥምና ጠርዙ ይሸበሸባል፣ ከዚያ ክፍተት ይፈጠራል። ወረንጦውን በዚያ ክፍተት አስገቡና ሳቡ። ሲይዛችሁ እንደገና አርጥቡ። አሴቶን በ56 ዲግሪ የሚፈላ፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ስለሆነ ጨርቁ ሲነካ ቅዝቃዜው እስኪሰማ ድረስ በፍጥነት ይደርቃል፤ እየጨመሩ መሥራት ግድ ነው። የተሟሟውን ሙጫ ወደ ጎን አትፈትጉት፣ ይስፋፋል። በነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ አንሡት፣ ፎጣውንም ወደ ንጹሕ ቦታው አዙሩት።

ስትጨርሱ ልብሱን በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁ፣ ለብቻው እጠቡት። የተጠቀማችሁበት ጥጥና ጨርቅ ወደ ቆሻሻ መጣያ ከመግባቱ በፊት ከቤት ውጪ ይተንበት።

ስለ ቅዝቃዜ በአጭሩ

ልብሱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ማቆየት የሚጠቅመው ላረጀና ለተሰነጣጠቀ ልጥፍ ብቻ ነው። ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ሲታጠፍ በቅንጣት ይረግፋል። አዲስ ቪኒል ላይ ጊዜ ማባከን ነው፤ በቅዝቃዜ ላይ ሳለ በኃይል ከተላጠም የጨርቁን ክር ይዞ ይነሣል።

የሚቀረው ሙጫ

ጽሑፉ ሲነሣ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ጣታችሁን ስታሳልፉ ግን ጨርቁ ይይዛችኋል፤ ዓይን የማያየው ሙጫ አለ። እንዲሁ ከተለበሰ በሳምንቱ አቧራና የክር ብናኝ ሰብስቦ ጽሑፉን መልሶ በጥቁር ያሳየዋል። ይህን ክፍል አትዝለሉት።

ወፈር ብሎ የሚታየውን በቡናማው ወረቀትና በካውያ አንሡት፤ ከፈሳሽ ሥራ በኋላ ከሆነ ግን ልብሱ ታጥቦ ከደረቀ ወዲያ ብቻ። ተበታትኖ የቀረውን በተጣባቂ ፕላስተር ጫን ነቀል፣ ጫን ነቀል አድርጉ። የመጨረሻውን ስስ ሽፋን በአልኮል ባረጠበ ጥጥ ከጠርዝ ወደ መሐል ጥረጉ። ከዳር ወደ መሐል መሆኑ ሙጫው ወደ ንጹሑ ጨርቅ እንዳይስፋፋ ነው። ከዚያ የሳሕን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀለል አድርጋችሁ ጥረጉትና ጨርቁ በሚችለው ልክ ለብ ባለ ውኃ እጠቡ።

ልብሱን ሳታረጋግጡ በማድረቂያ ማሽን አታድርቁት። የቀረ ሙጫ ካለ ሙቀቱ መልሶ ያጣብቀዋል። በነፋስ ይድረቅ፣ በእጃችሁ ዳሱት፤ ከያዘ የአልኮሉን እርምጃ ድገሙት።

የጽሑፉ ጥላ

ሁሉም ነገር ተነሥቶ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ፣ የጽሑፉ ቅርጽ አሁንም ሊነበብ ይችላል። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ክሮቹ ከዓመታት በፊት በተጫናቸው ካውያ ተጨፍልቀው መተኛታቸው ነው። ይህ ይታከማል፤ የካውያውን እንፋሎት ከጨርቁ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁበትና በለስላሳ ብሩሽ ክሮቹን አንሡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብም ይሻሻላል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የቀለም ልዩነት ነው። ልብሱ በፀሐይና በእጥበት ሲደበዝዝ ከጽሑፉ ሥር የነበረው ተሸፍኖ እንደ አዲስ ቆይቷል። እዚያ ላይ የቀረ እድፍ የለም፣ የጠቆረው ቦታ ትክክለኛው የልብሱ ቀለም ነው። አሴቶን ቢደጋገምበት ጨርቁን ከመጉዳት በቀር አይለውጠውም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አቁሙ።

ጥላው ከረበሻችሁ ኪስ መስፋት፣ ጥልፍ መጥለፍ ወይም ከአሮጌው ሰፋ ያለ አዲስ ሥዕል መተኮስ ይቻላል። አዲስ የምትተኩሱ ከሆነ የቀድሞው ሙጫ ፈጽሞ መልቀቁን አረጋግጡ፤ ቅሪት ባለበት ቦታ አዲሱ እኩል አይይዝም፣ በጥቂት እጥበትም ከዚያው ቦታ ይነሣል።